ስለ ኢ-ለርኒንግ መጠይቄን ያልሞሉት ሰልጣኞች የት አሉ? (ጅማ)

የአዌቱ ማዶ፣ ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አሰልጣኝ ነኝ። ጎን ለጎን የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ጥናቴ ሰልጣኞች የኮሌጁን የኢ-ለርኒንግ ገጽ ምን ያህል እንደሚጠቀሙበት፣ ማን እንደተካተተበትና ማን እንደቀረ የሚፈትሽ ነው። ገጹ ሙድል በሚባል የኢንተርኔት ትምህርት ሶፍትዌር የተሠራ ነው፤ ሞጁሎቹን፣ ቪዲዮዎቹንና መለማመጃ ጥያቄዎቹን እዚያ ላይ እንጭናለን።

መጠይቁን በጎግል ፎርም አዘጋጅቼ በየዲፓርትመንቱ የቴሌግራም ቡድን ለቀቅሁት። የመጣልኝ መልስ ያምራል። አብዛኞቹ ስማርት ስልክ አላቸው፣ ገጹን ያውቁታል፣ "ጠቃሚ ነው" ይላሉ። አማካሪዬም አይቶ "ጥሩ ነው፣ ወደ ትንተናው ግቢ" አለኝ።

ባለፈው ዓርብ ግን አንድ የደረጃ 2 ሰልጣኝ ኮሪደር ላይ አግኝቼ "መጠይቁን ሞላህ?" ብለው "የቱን?" አለኝ። ከኪሱ ያወጣው ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ የኋላ ክዳኑ በላስቲክ ታስሯል። የቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ያኔ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። ኢንተርኔት የሌለውን ሰው "ኢንተርኔት አለህ ወይ?" ብዬ በኢንተርኔት ጠይቄዋለሁ። አልመለሰም፤ እኔም ዝምታውን ከቁጥሬ ውስጥ አውጥቼ የቀሩት "አብዛኞቹ" አላቸው ብዬ ጻፍኩ።

የማስረክብበት ቀን ቀርቧል። እንዳለ ልቀጥል ወይስ ልመለስ? መክሩኝ።

የመደርደሪያ አቧራ፣ ሰኞ ማታ

እህቴ፣ ጨርሺና ተመረቂ። የእኔ ጥናት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከታች ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ከእኔ በቀር የነካው ሰው የለም፤ እኔም የነካሁት ፎቶ ለመነሳት ነው።

ቁጥር አዋቂ፣ ማክሰኞ ጠዋት

እኔ ደግሞ እንኳን ተጨነቅሽ እላለሁ። ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ እንዲህ ያለ ጭንቀት ይዞ የሚመጣ ተመራቂ በዓመት አንድ ካገኘሁ ዕድለኛ ነኝ።

የናሙናሽን መጠን ያወጣሽው በያማኔ ቀመር እንደሚሆን እገምታለሁ፤ የአገራችን ተመራቂ ሁሉ እሱን ነው የሚይዘው። ለምሳሌ 1,200 ሰልጣኝ ቢኖርሽ በ5 በመቶ የስህተት መጠን 300 ይወጣል። ቀመሩ የሚነግርሽ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግሽ ብቻ ነው። የትኞቹ 300 እንደሆኑ እሱ አያውቅም፣ አይጠይቅምም። ቴሌግራም ላይ ሊንክ ለቅቆ የመጣውን መቀበል ዕጣ ማውጣት አይደለም፤ በር ከፍቶ መንገደኛ መጠበቅ ነው። የሚገባው ደግሞ በሩ ድረስ የሚያደርስ ዳታ ያለው ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ መጠይቅሽ ከየት እንደመጣ አስቢ። "ይጠቅመኛል"፣ "ቀላል ነው" የሚሉት ጥያቄዎች የዴቪስ የ1989 የቴክኖሎጂ ተቀባይነት ሞዴል ልጆች ናቸው (ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን ነው)። እሱ ከፈተናቸው ሰዎች አንዱ ክፍል ካናዳ ውስጥ በአይቢኤም ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሠራተኞች ነበሩ። እነሱ ዘንድ ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የቀረው ጥያቄ ሰውየው ሊጠቀምበት ይፈልጋል ወይ የሚል ነው። ያንን መጠይቅ እንዳለ አምጥተን ስልኩን ከታላቅ ወንድሙ ለሚዋስ ልጅ ስንሰጠው የምንለካው ፍላጎቱን እንጂ አቅሙን አይደለም። በ2003 (ይህም እንደ አውሮፓውያን) ቬንካቴሽና ባልደረቦቹ ባወጡት ሞዴል ውስጥ አመቺ ሁኔታ የሚባል ክፍል ተጨምሯል፤ መሣሪያው፣ ኔትወርኩ፣ የሚያግዝ ሰው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እዚህ አገር ሲተረጎም በሦስት ጥያቄ ታልፎ ይሄዳል። አንቺ ዘንድ ግን ዋናው ምዕራፍ እሱ ሊሆን ይችላል። ሰውየው በፈቃዱ ነው የተጠቀመው ወይስ ተገዶ የሚለውም እዚያው ሞዴል ውስጥ አለ፤ ኮሌጃችሁ "ግቡና ፈርሙ" የሚል ከሆነ እሱንም ጠይቂ።

ምን ታደርጊ? የሰበሰብሽውን አትጣይው። ሬጅስትራር ሄደሽ ሙሉ ዝርዝሩን ውሰጂ፤ በሙያ ዘርፍ፣ በደረጃና በጾታ ክፈይው፤ ከመለሱልሽ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጪው። የትኛው ክፍል እንደጎደለ በዓይንሽ ታያለሽ። ከዚያ ካልመለሱት ውስጥ 30 ሰው በዕጣ አውጪና በወረቀት፣ ፊት ለፊት፣ በአጭር መጠይቅ ጠይቂ። መልሳቸው ከሌሎቹ ጋር ከተመሳሰለ እሰየው። ከተለየ ግኝትሽ እሱ ነው።

ሰርቨር ጠባቂ፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ሌላ ከተማ ባለ ኮሌጅ የአይሲቲ ባለሙያ ነኝ። አንድ ነገር ሹክ ልበልሽ፤ ሪፖርት ላይ የምታነቢው "የተመዘገበ ተጠቃሚ" የሚለው ቁጥር የእኔ ሥራ ነው። መስከረም ላይ ከሬጅስትራር የመጣውን የኤክሴል ዝርዝር በአንድ ጊዜ እጭነዋለሁ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ሰልጣኝ የኢ-ለርኒንግ ተጠቃሚ ይሆናል። ላም አለኝ በሰማይ።

ሙድል ማን መቼ እንደገባ፣ ምን እንደከፈተ ይመዘግባል፤ ያንን ጠይቂያቸው። እኛ ዘንድ ስናየው በአንድ ማታ፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ልዩነት፣ አንድ ክፍል በሙሉ ተራ በተራ ገብቶ፣ ያንኑ ፈተና ሠርቶ ይወጣል። አንድ ስልክ ያለው ልጅ ለጓደኞቹ እየገባላቸው ነው። ግን ተጠንቀቂ፤ በሞባይል ዳታ የሚገቡ ብዙ ሰዎች አንድ የአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ሊጋሩ ስለሚችሉ አድራሻው ተመሳሰለ ብለሽ ብቻ አትክሰሺ። ሰዓቱንም የስልኩንም ዓይነት አብረሽ እይ።

ሌላው፣ የሙድል የስልክ መተግበሪያ ኮርሱን አውርዶ በኋላ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፍቱት ያስችላል። ሰርቨሩ ላይ የሞባይል አገልግሎት የሚለው መፈቀድ አለበት። እኛ ለሁለት ዓመት ሳንፈቅድ ኖረናል፤ ማንም ስላልጠየቀን።

ብየዳ ቤት፣ ማክሰኞ ማታ

ልጄ፣ እኔ ብረታ ብረት አሰልጣኝ ነኝ፤ ጡረታዬም ሩቅ አይደለም። ይህ ኢ-ለርኒንግ ሲመጣ ከተቃወሙት አንዱ ነበርኩ። "ብየዳ በስልክ? ነገ ደግሞ ዋና በፖስታ!" ብዬ ስብሰባ ላይ አስቄያለሁ። አሁን ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ ያስለወጠኝን ልንገርሽ።

የብየዳ ሠርቶ ማሳያ ስትሰጪ አሥራ አምስት ልጅ ይከብሻል። ማስክ ያለው ሁለቱ ወይም ሦስቱ ነው፤ የቀረው ፊቱን ያዞራል፣ ካላዞረ ዓይኑ ይቃጠላል። ማስክ ያደረገውም ቢሆን ከትከሻዬ ጀርባ ነው። ዋናው ነገር፣ ቀልጦ የሚከተለው ብረት ቅርጽና የኤሌክትሮዱ (የመበየጃ ዘንጉ) ጫፍ ከብረቱ የሚርቀው ርቀት፣ ከእኔ በቀር ለማንም አይታይም። 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከያዝሽ ርቀቱም ያንኑ ያህል ነው መሆን ያለበት። በቃል "አቅርብ፣ አርቅ" ብለሽ እንዴት ታስረጂዋለሽ?

አንድ ቀን የማስኩን ጥቁር መስታወት፣ የጥቁረት ቁጥሩ 11 የሆነውን፣ ፈትቼ የልጄ ስልክ ካሜራ ፊት በፕላስተር ለጠፍኩትና 6013 ኤሌክትሮድ ይዤ አንድ መስመር በየድኩ። ሳየው እኔው ራሴ ደነገጥኩ። አርኩ፣ ብልጭታው ማለቴ ነው፣ እንደ ትንሽ ጨረቃ ቁጭ ብሏል፣ የቀለጠው ብረት ከኋላው እንደ ማር ይከተላል፣ ስላጉ፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ዝቃጭ፣ ተለይቶ ይታያል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቃል ስገልጸው የኖርኩት ነገር በሦስት ደቂቃ ተቋጨ።

ኤሌክትሮድ ደግሞ ይቆጠራል። ለአንድ ሰልጣኝ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ግማሹን አርክ መለኮስ ሲለማመድ ብረቱ ላይ እያጣበቀ ይጨርሰዋል። ቪዲዮውን አሥር ጊዜ አይቶ የመጣ ልጅ የመጀመሪያውን ኤሌክትሮድ ሲያነሳ እጁ ያውቃል። ሳያይ የመጣውም በመጨረሻ ይማራል፤ ግን በጓደኛው ኤሌክትሮድ ነው የሚማረው።

አሁን ወደ አንቺ ጥያቄ። ቪዲዮዬን ገጹ ላይ ሲጭኑልኝ 140 ሜጋባይት ነበር። ማንም አላወረደውም። "ሰነፎች" ብዬ ተቆጣሁ። አንድ ልጅ ነው "ጋሼ፣ ይህ የሦስት ቀን ዳታዬ ነው" ያለኝ። አሳነስነው፣ ከፋፈልነው፣ ያኔ ታየ። ወርክሾፑ ጫጫታ ስለነበረ ድምፄን ትቼ ጽሑፍ ከታች አስገባሁበት። መስማት የተሳነው አንድ ሰልጣኝ አለኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ጓደኛውን እያየ የሚከተል ልጅ ነበር። በዚያ ቪዲዮ ከሁሉም ቀድሞ ገባው። አስቤለት አልነበረም፤ የጀነሬተሩ ጫጫታ ነው ያሰበለት።

የመደርደሪያ አቧራ፣ ማክሰኞ ማታ

ጋሼ፣ ቪዲዮውን እዚህ ይልቀቁልን እንጂ።

ብየዳ ቤት፣ ማክሰኞ ማታ

ልጄ ሲመጣ ይልቀዋል። እኔ መላክ አልችልም፤ ኢ-ለርኒንግ ያልደረሰኝ አንዱ እኔ ነኝ።

የማታ ሰልጣኝ፣ ረቡዕ ከሌሊቱ 6 ሰዓት

ሰዓቱን እዩልኝ። ሆቴልና መስተንግዶ ደረጃ 3 ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት። የሌሊት ጥቅል ስለሚረክስ የምማረው በዚህ ሰዓት ነው። ነጋ አልነጋ ብዬ 11 ሰዓት ላይ እነሳለሁ።

መጠይቆች ሁልጊዜ "ስልክ አለሽ?" ይላሉ። አለኝ። ግን ከሥራ እስክገባ ልጄ ካርቱን ሲያይበት ይቆያል፣ ማታ ባለቤቴ ዜና ያይበታል። ለእኔ የሚደርሰኝ ሁሉም ሲተኛ፣ ባትሪው 20 በመቶ ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ መብራት ከሌለ አበቃ። "አለኝ" ያልኩት ውሸት አይደለም፤ ግን መልሱን ያየ ሰው እኔንና ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ የሚያድረውን የክፍሌን ልጅ በአንድ ሳጥን ውስጥ ነው የሚጨምረን።

ደግሞ ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው የውጭ በር ጋ ብቻ ነው። ወንድ ቢሆን በር ላይ ቆሞ ያወርዳል። እኔ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በር ላይ ስልክ ይዤ ብቆም ጎረቤት ሌላ ሥርዓተ ትምህርት ያወጣልኛል።

የአዌቱ ማዶ፣ ረቡዕ ጠዋት

እህቴ፣ ያልሽውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። መጠይቄ ላይ ጥያቄ 3 ቃል በቃል "ስማርት ስልክ አለዎት? አዎ / አይ" ይላል።

ጋሼ፣ የጀነሬተሩ ነገር አሳቀኝም አሳሰበኝም። ቁጥር አዋቂ፣ ሬጅስትራር ነገ እሄዳለሁ።

በጆሮ የሚያነብ፣ ረቡዕ ከሰዓት

መምህርት፣ ዓይነ ስውር ነኝ። የአካውንቲንግ ስልጠና ጨርሼ የብቃት ምዘና ወስጃለሁ። ስለ አካታችነት ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫው ነው፣ መወጣጫው ተሠራ ተብሎ ፎቶ ይነሳል። እኔን የሚያግደኝ ደረጃ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው።

እኔ ኮምፒውተር የምጠቀመው በኤንቪዲኤ ነው፤ ነፃ የስክሪን አንባቢ ነው። ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ ደግሞ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ያነባል፤ ድምፁ ቆርቆሮ እንደሚመታ ሰው ቢሆንም ጆሮ ይለምደዋል። ችግሩ ሞጁሉ ነው። ግማሹ ወረቀት ፎቶ ተነስቶ ፒዲኤፍ የተደረገ ነው። ለስክሪን አንባቢ ያ ባዶ ገጽ ነው፤ ዝም ይላል። ግማሹ ደግሞ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው። ለእናንተ አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። እኔ ስከፍተው "ኤል፣ ቅንፍ፣ ፐርሰንት፣ ሐሽ" እያለ ያነብልኛል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ዛሬ ተመርቆ አሰልጣኝ ሆኗል፤ ሞጁሉ ግን አሁንም ከዚያ በፊት ነው ያለው።

አንድ ሰሚስተር ሙሉ የወጪ ሒሳብ ሞጁልን የክፍሌ ልጅ እያነበበችልኝ በድምፅ ቀድታ ሰጥታኛለች። ገጹ ላይ የእኔ አካውንት አንድም ጊዜ አልተከፈተም። በእርስዎ ቁጥር ያልተጠቀምኩ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያወረደች።

የደዶ ልጅ፣ ረቡዕ ማታ

መምህርት ሆይ፣ መጠይቅዎ የተጻፈው በምን ቋንቋ ነው?

የአዌቱ ማዶ፣ ረቡዕ ማታ

በእንግሊዝኛና በአማርኛ።

የደዶ ልጅ፣ ረቡዕ ማታ

ጅማ ላይ?

ተቆጥቼ አይደለም። እኔ አማርኛውን ገበያ ላይ፣ በኋላም ከተማ ተከራይቼ ስኖር ተማርኩት፤ ይኸው እጽፋለሁ። ከጅማ ዙሪያ፣ ከደዶ፣ ከሰቃ፣ ከማና የሚመጡት ልጆች ግን እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምረው፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ አልፈው ነው ኮሌጅ የሚገቡት። የአማርኛውን መጠይቅ ፊደሉን ራሱ የማያነቡ አሉ። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ አሰልጣኙ ክፍል ውስጥ ሲያስረዳ ግን በአፋን ኦሮሞ ያስረዳል፣ ለዚያ ነው የምንረዳው። ገጹ ላይ ሲጫን የሚጫነው ሞጁሉ ብቻ ነው፤ ማስረዳቱ ክፍል ውስጥ ይቀራል። ብዙዎቻችን ገጹን ከፍተን የምንዘጋው ለዚህ ነው። በእርስዎ መዝገብ "ገብቷል" ይላል።

ቁጥር አዋቂ፣ ረቡዕ ማታ

ይህ ልጅ አማካሪዎችን ያማክር። እህቴ፣ አጭሩን መጠይቅ በአፋን ኦሮሞ አስተርጉሚ፤ ከዚያ ሌላ ሰው፣ ዋናውን ያላየ፣ ወደ አማርኛ ይመልሰው። ሁለቱን አስተያዪ። ገንዘብ የለኝም ካልሽ ቡና ጋብዢ፣ ጅማ ነሽ።

ሜሞሪ ጫኝ፣ ሐሙስ ከሰዓት

ይህን ክር ደንበኛዬ ነው ያሳየኝ። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ዘፈን፣ መንዙማ፣ ተከታታይ ፊልም በሜሞሪ እጭናለሁ። እናንተ የምትሉት ኢ-ለርኒንግ እኔ ጋ ዴስክቶፕ ላይ "ኮሌጅ" በሚል ፎልደር ተቀምጧል። አንድ የአውቶ ሰልጣኝ ካምፓስ ዋይፋይ ላይ አውርዶ አመጣልኝ፣ ከዚያ ጓደኞቹ ለራሳቸው እየጠየቁ ይመጣሉ። የብየዳው ቪዲዮ እኔ ጋ አለ፤ የጋሼ መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅሁት። ኢንተርኔት የሌለው ልጅ ሜሞሪ ይዞ ይመጣል፣ የወላጆቹን ዘፈን ሲያስጭን እግረ መንገዱን ሞጁሉንም ይወስዳል። ለሞጁል ገንዘብ አልቀበልም፤ ለፊልሙ ግን እቀበላለሁ።

የሚበዙት ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ወደ አገር ቤት ከመሳፈራቸው በፊት። መምህርት ከፈለጉ ይምጡ፣ በርጩማ አለ።

የአዌቱ ማዶ፣ ሐሙስ ማታ

እመጣለሁ።

ሰርቨር ጠባቂ፣ ሐሙስ ማታ

ሁለት ዓመት ሰርቨር ስጠብቅ ኖሬ፣ ሥራዬን ይህ ሰውዬ እየሠራልኝ ነው ማለት ነው። ለኮሌጃችሁ ንገሪያቸው፤ ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሥርዓት አለ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ አንድ ትንሽ ኮምፒውተርና አንድ ዋይፋይ ማሰራጫ ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ልጆቹ ዳታ ሳይከፍሉ ያወርዳሉ።

የአዌቱ ማዶ፣ እሑድ ማታ

ከሬጅስትራር ዝርዝሩን አገኘሁ፣ በቁጥር አዋቂ ምክር ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። የአይሲቲና የአካውንቲንግ ሰልጣኞች ከድርሻቸው በላይ መልሰውልኛል። ከብረታ ብረት፣ ከግንባታና ከጨርቃ ጨርቅ የመጣው በጣት የሚቆጠር ነው። ዕጣውን አውጥቻለሁ።

ትናንት ሱቁ በርጩማ ላይ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተቀመጥኩ። ያ ባለ ቁልፍ ስልኩ ልጅ መጣ! ስልኩ ሜሞሪ ይወስዳል፣ እኔ አላውቅም ነበር። ቪዲዮውን በዚያች የክብሪት ቀፎ በምታክል ስክሪን ሊያይ አይደለም፤ ቤት ያለው ቴሌቪዥን ዲኮደር ፍላሽ ስለሚቀበል በአንድ ፍላሽ አስገልብጦ ይሄዳል። ቅዳሜ ማታ አባቱ፣ እናቱና ታናናሾቹ ሁሉ ተቀምጠው ብየዳ ያያሉ። "እናቴ ስላግ ምን እንደሆነ ታውቃለች" አለኝ። መጠይቄ ላይ ይህንን የሚጽፍበት ክፍት ቦታ የለም።

አጭሩን መጠይቅ ጨርሻለሁ፤ የደዶ ልጅ ወደ አፋን ኦሮሞ እየመለሰልኝ ነው። ጥያቄ 3 አሁን እንዲህ ይላል፦ "ትናንት ማታ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ ስልኩ በማን እጅ ነበር?" ጥያቄ 5፦ "ሞጁሉን ለመጨረሻ ጊዜ ያገኙት ከየት ነው? ከማን?" በጆሮ የሚያነብ ወንድሜ፣ ፋይሉን ልኬልሃለሁ። በዩኒኮድ ነው የጻፍኩት፣ ሞክርልኝ።

በጆሮ የሚያነብ፣ ሰኞ ጠዋት

አነበበልኝ መምህርት፤ ከላይ እስከ ታች። ጥያቄ 9 ላይ ግን ሠንጠረዥ አለ፣ እዚያ ሲደርስ "ረድፍ ሁለት፣ ዓምድ አራት፣ ባዶ፣ ባዶ" እያለ ዞረብኝ። ሠንጠረዡን አፍርሰው በተራ ጥያቄ ያድርጉት።

የአዌቱ ማዶ፣ ሰኞ ጠዋት

አፈረስኩት። ደግሜ ልኬዋለሁ።